ደላላን ከማሳደድ መጋዘን መሥራት ይሻላል

የእህል ዋጋ በናረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ደላላ ላይ ነው። እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል እነግዳለሁ፤ ከደላላ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የኖርሁት። ቢሆንም ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው ሲባል አልስማማም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ1990 ዓ.ም. ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ይህንኑ የእህል ገበያችንን አጥንተው ነው። ደላላ ለምን እንደሚያስፈልግ ከእኔ ሥራ ማየት ይቻላል፦ አዲስ አበባ ያለው ገዥ ከዚህ የምጭነውን ጤፍ አላየውም፤ እኔም ይክፈለኝ ይካደኝ አላውቅም። ስለዚህ እህሉን አይቶ ማኛውን ከሰርገኛው የሚለይ፣ ሁለታችንም የምናምነው ሰው ያስፈልገናል። ደላላ ኮሚሽን የሚበላው በዚህ ነው። እሌኒ ደላላውን አልረገሙትም፤ ሥራውን ሚዛን፣ የጥራት ደረጃና መጋዘን ቢሠሩት ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ።

መልሱ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሆነ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱም ደረሰኝ ይዞ ይሸጣል። ገዥና ሻጭ ባይተዋወቁም ክፍያው በባንክ ያልፋል።

ዳሩ ግን ገበያው ሲጀመር የታሰበው ለበቆሎና ለስንዴም ነበር። ጸንቶ የቆመው በቡናና በሰሊጥ ነው። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገብስና ባቄላ ዛሬም እንደ ድሮው ይሸጣል። ደገኛው ገበሬ በጥር የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ በአህያ ጭኖ ይወጣል፤ የጎንደርን ዋጋ ሳይሰማ መንገድ ላይ ለጠበቀው ሰብሳቢ፣ በሰብሳቢው ሚዛን ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ያንኑ ገብስ በውድ ይገዛል።

የአንድ ገበሬ ሁለት ኩንታል ለመጋዘን ወጪ አይበቃም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተቋቋሙት ግን ጥቂቱን ሰብስበው ለማብዛት አይደለም? መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የትኛውም ገበያ አይሠራም፤ ሰላም ከሁሉ ይቀድማል።

የክልሉ ንግድ ቢሮ ግብረ ኃይል አሰማርቶ የነጋዴ መጋዘን ከማሸጉ በፊት ደባርቅ ላይ የታመነ ሚዛን ያቁም፣ የዕለቱን የጎንደር ዋጋ ይለጥፍ፣ በመጋዘን ደረሰኝ ብድር የሚሰጥ ባንክ ያምጣ። ይህ ሲሆን የደላላው ድርሻ በራሱ ጊዜ ያንሳል።