ከጠረጴዛ ሥር የተጣሉት የዋይፋይ ሣጥኖች

በጎንደር ፒያሳ ካሉት የስልክና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የተመለከተ ሰው፣ አንድ ሁለት ካርቶን ሙሉ አሮጌ የዋይፋይ ሣጥን ተከማችቶ ማየቱ አይቀርም። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዱ በመብረቅ ወይም በኤሌክትሪክ ኀይል ከፍና ዝቅ ማለት የተቃጠለ ስለ ሆነ መድኀኒት የለውም። ሌላው ግን መብራቱ ይበራል፤ ሙቀቱም በእጅ ይሰማል። ባለቤቱ ያመጣው «ይቆራረጣል» ወይም «ዘገየብኝ» ብሎ ነው። ጠጋኙ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ካበራው በኋላ «ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ይግዙ» ይላል፤ ሣጥኑም ወደ ካርቶኑ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ አገር ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደ ወጣ ለሚያውቅ ሰው «ሌላ ይግዙ» የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። ስለዚህ ለመሆኑ ያረጀው ሣጥኑ ነው ወይስ በሣጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ራውተር እየተባለ የሚጠራው ይህ ዕቃ በመሠረቱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚያስብበት አንጎል አለው፤ ሥራ ላይ ሳለ ነገሩን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ አለው፤ መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ቋሚ ማኅደርም አለው። በዚህ በቋሚው ማኅደር ላይ የተጻፈው መመሪያ ፈርምዌር ይባላል። ፋብሪካው አዲስ ሞዴል ባወጣ ቁጥር ለአሮጌው ማረሚያ መላኩን እየተወ ይሄዳል፤ ማረሚያ የማይደርሰው መመሪያ ደግሞ ቀዳዳው ለሌባ ሁሉ የታወቀ አጥር ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በግንቦት ወር 2018 ቪ.ፒ.ኤን. ፊልተር የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የመሰሏቸውን መሣሪያዎች ይዞ ተገኝቷል። ከባለቤቶቹ አብዛኞቹ በመደርደሪያቸው ላይ ያለው ሣጥን ለሌላ ጌታ ማደሩን አያውቁም ነበር።

ፋብሪካው የተወውን መመሪያ አንሥቶ በሌላ መተካት እንደሚቻል የታወቀው በአንድ ክርክር ምክንያት ነው። ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 መጨረሻ (ይህና ቀጥሎ ያለው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ደብልዩ.አር.ቲ. 54 ጂ. የተሰኘውን ራውተር ለገበያ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ውስጡን የመረመሩ ሰዎች መመሪያው በሊኑክስ የተሠራ መሆኑን ደረሱበት። ሊኑክስ ማንም ሰው ሊወስደውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በዕቃ ውስጥ አድርጎ የሸጠ ሰው የፕሮግራሙን ምንጭ ለገዢው እንዲሰጥ ፈቃዱ ያስገድደዋል። ሊንክሲስን በዚያው ዓመት የገዛው ሲስኮ ምንጩን ለሕዝብ አወጣ። ከዚያ ተነሥተው በጎ ፈቃደኞች በ2004 ኦፕን-ደብልዩ-አር-ቲ የተባለውን መመሪያ ጀመሩ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያሉ ተተኪዎቻቸው ለብዙ መቶ ዐይነት ሣጥኖች ያለ ክፍያ እያዘጋጁት ይገኛሉ። እኛም ከዚህ በታች ነጻው መመሪያ እያልን እንጠራዋለን።

ነጻው መመሪያ ለጎንደር ሰው ምን ይጠቅመዋል? ደኅንነቱን ካነሣን ዘንድ ሁለተኛው ጥቅም በማራኪ አካባቢ ተማሪዎች ተከራይተው በሚኖሩበት ግቢ ይታያል። በእንዲህ ያለው ግቢ አንድ መስመር ለስምንት ለዐሥር ሰው ይከፋፈላል። አንዱ ፊልም ማውረድ ሲጀምር የሌላው የስልክ ጥሪ ይንተባተባል፤ የሦስተኛው የፈተና ምዝገባ ገጽ አልከፈት ይላል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። አንዱ አምስት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ይመጣል፤ ከኋላው አንዲት እናት ለልጆቻቸው ራት የሚሆን አንድ ቁና ይዘው ይቆማሉ። ወፍጮው በመጣ በመጣ ብቻ የሚፈጭ ከሆነ እኒያ እናት እስኪመሽ ይቆያሉ። ተራው የፋብሪካ መመሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የመጣውን ሁሉ በአንድ ረዥም ሰልፍ ያቆመዋል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ያወጡት ኮዴል የተባለው ዘዴ፣ በኋላም በሌሎች እየተሻሻለ የሄደው፣ ለያንዳንዱ ባለ ጉዳይ የየራሱን ሰልፍ ሰጥቶ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት እየፈጨ ያሳልፋል። በ2025 በሞት የተለየው ዴቭ ታት የተባለው ባለሙያ ይህ ዘዴ በርካሽ ሣጥኖች ላይ ጭምር እንዲገባ ብዙ ደክሟል። ከነጻው መመሪያ ጋር በነጻ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ይህ ዘዴ የመስመሩን ፍጥነት አይጨምርም። እንዲያውም ሰልፉ በራሳችን ሣጥን ውስጥ እንዲያዝ ተብሎ ፍጥነቱ ከተለካው ከመቶ ዐሥር ያህል ዝቅ ተደርጎ ይሞላል። የሚጨምረው ፍትሕ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ ሣጥኑ ሲገለበጥ ይመጣል።

በገበያችን የተለመደውን ቲፒ-ሊንክ 841 ኤን. እንውሰድ። በካርቶኑ ላይ የሚነበበው ስም አንድ ይሁን እንጂ ሣጥኑ ባለፉት ዓመታት ከዐሥር ጊዜ በላይ ውስጡ ተለዋውጧል። ከ9ኛው እስከ 12ኛው ስሪት ያሉት ቋሚ ማኅደራቸው 4 ሜጋባይት፣ ጊዜያዊ ማስታወሻቸው 32 ሜጋባይት ነው። 13ኛው ስሪት 8 እና 64 ሆነ። ሰው «እንግዲህ እየተሻሻለ ሄደ» ሲል 14ኛው ስሪት ወደ 4 እና 32 ተመለሰ! ይህን የሚናገረው ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው። ነጻው መመሪያ ደግሞ በየዓመቱ እየከበደ ስለ ሄደ፣ ለባለ 4 እና 32 ሣጥኖች በይፋ የተዘጋጀው የመጨረሻው ትውልድ በጥር 2020 የወጣው 19.07 ነበር፤ እርሱም ከሚያዝያ 2022 በኋላ ማረሚያ አልወጣለትም። ባለ 8 እና 64 የሆነውም ዛሬ በጠባብ ጫማ የሚሄድ ሰው ይመስላል። አዘጋጆቹ አዲስ ለሚገዛ ሰው የሚመክሩት 16 እና 128 ነው።

እንግዲህ ነጻው መመሪያም ቢሆን የድኻውን ሣጥን ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ይህን መሸሸግ አይገባም። ምንጩ ክፍት ስለ ሆነ የተማረ ሰው የማያስፈልገውን ቀንሶ ለትንሹ ሣጥን የሚበቃ መመሪያ ራሱ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ለተራው ቤተ ሰብ ግን ይህ ምክር አይሆንም። በእኔ አስተያየት ከጠረጴዛው ሥር ያለው ካርቶን በሁለት ሊከፈል ይገባዋል። ባለ 4 እና 32 የሆነው ከውጭው መስመር ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኝ ከሌላ ሣጥን ኋላ የገመድ ማከፋፈያ ይሁን። ባለ 8 እና 64 የሆነው፣ በነጻው መመሪያ መዝገብ ላይ ስሙና ስሪቱ ከተገኘ፣ ዛሬውኑ ይነሣ። አዲስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጥቂት ብር ጨምሮም ቢሆን ባለ 16 እና 128ቱን ይፈልግ፤ የጨመረው ብር በዕድሜ ይመለስለታል።

ኢትዮ ቴሌኮም ከመስመሩ ጋር የሚሰጠው ሣጥን ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው። የስልኩን ሽቦ ወይም ፋይበሩን የሚቀበለው ያ ሣጥን በአብዛኛው ነጻውን መመሪያ አይቀበልም፤ የመሥመሩን ቋንቋ የሚናገረው የውስጡ ክፍል ምስጢር የፋብሪካው ነውና። ስለዚህ እርሱን ሳይነኩ ሁለተኛውን ሣጥን በገመድ ከኋላው ማሰር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፍበት ነገር አለ፤ የነጻው መመሪያ መነሻ አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ የብዙ ሞደሞችም አድራሻ ይኸው ነው። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሲይዝ ፖስተኛው እንደሚቸገር ሁሉ መስመሩም ይቆማል፤ የአንዱ አድራሻ ይለወጥ። ሌላም አለ። አዲሱ መመሪያ እንደ ተጫነ ዋይፋዩ ተዘግቶ ነው የሚነሣው። ባለቤቱ «ገደልሁት» ብሎ ይደነግጣል፤ ሣጥኑ ግን በገመድ ገብተው የይለፍ ቃል እስኪሰጡትና ዋይፋዩን እስኪከፍቱለት እየጠበቀ ነው።

የስልክ ጠጋኞቻችን «ፍላሽ ማድረግ» የሚሉትን ሥራ ስለሚያውቁት ይህ ለነሱ እንግዳ አይሆንም። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ከወረደ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሩ ይመሳከራል፤ ሥራው በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ይሠራል፤ መመሪያው በሚጻፍበት በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ መብራት ከጠፋ ሣጥኑ ግማሽ መጽሐፍ እንደ ያዘ ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ሣጥኑን ከባትሪ ጋር ሳያያይዙ መጀመር ድፍረት ነው። የኔ ጥፋት ግን ከመብራት አልመጣም። ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሳላነብ የሌላ ስሪት ፋይል ጫንሁበትና መብራቶቹ ሁሉ በአንድነት በርተው ቀሩ። ሦስት ሳምንት በመሳቢያ ውስጥ ከተኛ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ በሶልደር አያይዞ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አነጋገረውና ትክክለኛውን መመሪያ መለሰለት። የጠየቀኝ ዋጋ ከአዲስ ሣጥን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። «ለምን ይህን ሥራ ለሁሉ አትሠራም?» ብለው «ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ።

ከከተማው ወጥተን በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርገን ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የነገሩ መልክ ይለወጣል። በዚህ ደጋ የሽቦ መስመር ከከተሞቹ ብዙም አይርቅም፤ ኢንተርኔት የሚገኘው በሞባይል ነው። የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት ዛሬ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተባለው ሥርዓት በኮምፒዩተር ይላካል፤ ይህም ሥርዓት ራሱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ባለ ዩ.ኤስ.ቢ. ሣጥን ነጻው መመሪያ ሲጫንበት ሲም ካርድ የያዘ ሞደም ተሰክቶበት ለአንድ ግቢ ሁሉ ያከፋፍላል። ኤም.አር. 3020 የተባለችው ትንሽ ሣጥን ለምሳሌ በ5 ቮልት፣ ይኸውም በስልክ ቻርጀር ኀይል ትሠራለች፤ 3ኛው ስሪቷ ባለ 8 እና 64 ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከቤት ጣራ ላይ የተሰቀለ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይበቃል።

ተራራውስ? ተራራ እንቅፋት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2006 በቬኔዙዌላ ፕሮፌሰር ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ ያንኑ ርካሹን የሊንክሲስ ሣጥን በነጻው መመሪያ አሠርተው፣ በትልልቅ አንቴና ከፒኮ ዴል አጉይላ ተራራ 279 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ቦታ ጋር አገናኝተዋል። ምስጢሩ ይህ ነው። ሣጥን መልእክት ከላከ በኋላ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል፤ የፋብሪካው መመሪያ ትዕግሥቱ አጭር ስለ ሆነ ሩቅ ያለው መልስ ሳይደርስ «ጠፋ» ብሎ ደግሞ ይልካል። ነጻው መመሪያ ርቀቱ ሲነገረው ትዕግሥቱን ያረዝማል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ለራስ መገልገልና ከአምባ ወደ አምባ መስመር ተክሎ ለጎረቤት ማከፋፈል አንድ አይደሉም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣንም አለ፤ አንቴና ከመስቀል በፊት ወደዚያ መሄድ ነው።

የሣጥኑም ኀይል ወሰን አለው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የትኛውም መመሪያ ቢጫንበት ሣጥኑ ከሌለው ወንዝ ውኃ ሊቀዳ አይችልም ነበር። በእንዲያ ያለ ጊዜ ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነገር፣ በፍላሽ ዲስክ ላይ የተቀመጡትን የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጻሕፍት በግቢው ላሉ ተማሪዎች ስልክ ማዳረስ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ያን ዓመት ፈተና ለሚጠብቅ ልጅ ትንሽ አልነበረም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቋቋም ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የጤና መኰንኑ፣ ነርሷና የጤና አጠባበቁ ባለሙያ በአንድነት ወጥተው በሥራ ላይ ይማሩ ነበር። የኮምፒዩተር ተማሪዎችም በዚሁ ልማድ፣ በዓመት ለጥቂት ሳምንት እንኳ፣ በከተማው ጠጋኞች ጠረጴዛ አጠገብና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በኩል በደጋው ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ቢሰማሩ ወጪው ጥቂት ገመድና ጥቂት ሶልደር ነው። የትኛው ሣጥን የትኛው ስሪት እንደ ሆነ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ሰሌዳ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም የካርቶኑ ክምር ይቀንስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ የሚሆን ሣጥን ልገዛ አራዳ ወርጄ ነበር። ባለ ሱቁ 841ን አወጣልኝ። «ስሪቱ ስንት ነው?» ብለው «ያው አንድ ነው፤ ሁሉም ይሠራል» አለኝ። እባክህ ካርቶኑን ክፈተው ብዬ ሣጥኑን ገለበጥነውና መነጽሬን አድርጌ አብረን አነበብን። 14 ይላል።