ወር የቀረ ሁሉ ፅንስ ነውን?



ገና ሆዷ ያልገፋ እርጉዝ በአማርኛችን «ቅሪት» ትባላለች። ቃሉ «ቀረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ወሯ ስለ ቀረ ፀንሳለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ወር የቀረ ሁሉ ፅንስ አይደለም፤ ደም ስለ ታየም ፅንስ የለም ማለት አይቻልም። በተለይ ሁለተኛው ስሕተት ሕይወት ያሳጣልና በዚህ ወር ስለዚሁ እንነጋገራለን።

ሕፃን የምታጠባ እናት፣ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋ፣ ሰውነቷ በጣም የከሳ፣ ኀዘን የጸናባት፣ የዕንቅርት ሕመም ያለባት፣ ዕድሜዋም ወደ ማረጥ የተጠጋ ሴት ወሯ ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል። ሆኖም የምታጠባ እናት ወሯ ሳይመለስ ልትፀንስ እንደምትችል አይዘንጋ።

ማቅለሽለሽና ድካምም እንዲሁ ናቸው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ዝቅተኛ አገር ከክረምት መውጫ በኋላ፣ በቆሎና በርበሬ በሚሰበሰብበት ወራት፣ ወባ ይበረታል። በዚያን ጊዜ ራሷን የሚያማትና የሚያስመልሳት ሴት ወባ ይዟት ይሆናል፤ ፀንሳም ይሆናል፤ ሁለቱም አብረው ሊገኙባት ይችላሉ። ፅንስ ብቻውን ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት አያመጣም። ፕሪማኩዊን የሚባለው የወባ መድኃኒት ለእርጉዝ የማይሰጥ ስለ ሆነ፣ ወሯ የዘገየባት ሴት መድኃኒት ከመቀበሏ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ትናገር።

ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከተከተለው የማኅፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የሆድ መግፋትም የማኅፀን ዕጢ፣ ወይም በዕንቁላል ማኅደር ላይ የተቋጠረ ውኃ ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚከፋውን እንናገር። ፅንስ አንዳንድ ጊዜ ወደ ማኅፀን ሳይደርስ በቀጭኑ የማኅፀን ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ቀድሞ በኢንፌክሽን የተጎዳ ቱቦ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ፅንሱ ሲያድግ ቱቦው ይፈነዳል፤ ደምም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ሴቲቱ ወሯ ከዘገየ በኋላ ጥቂት ደም ታይና «እነሆ መጣልኝ» ብላ ትተኛለች፤ ቤተ ሰቧም «የወር ቁርጠት ነው» ይላል። ደሙ ግን እንደ ልማዱ አይደለም፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ቆይቶም ራስ ማዞር፣ ላብ፣ የትከሻ ጫፍ ሕመምና ራስን መሳት ይከተላል። ይህ ሲታይ ሆድ ማሸትና «እስኪነጋ እንጠብቅ» ማለት አይገባም። በውድቅት ሌሊትም ቢሆን በመኪና፣ መኪና ከታጣም በቃሬዛ፣ ኦፕራሲዮን ወደሚደረግበት ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ቀኑን እንወቅ። የገጠር እናቶቻችን የቀን መቁጠሪያ ባይሰቅሉም ቀን አይስቱም፤ ልማደ አንስት የመጣባቸው በሚካኤል ማግሥት መሆኑን፣ በየትኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ቆመው እንዳስቀደሱ ያስታውሳሉ። ከመጨረሻው ወር አበባ መጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን፣ ማለት 9 ወር ከ10 ቀን፣ ሲሞላ የመውለጃው ጊዜ ይደርሳል፤ 5 ቀን ያላት ጳጉሜን በመካከል ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወር ከዘገየ በሳምንቱ በጤና ጣቢያ ሽንት ይመርመር፤ የማለዳው ሽንት ይመረጣል። «ፅንስ የለም» ተብሎ ወሩ አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ነገር ግን የሽንት ምርመራ ፅንስ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም፤ ቦታውን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። ስለዚህ ፅንስ አለ ከተባለ በኋላ ሕመም ወይም ደም የታያት ሴት ሳትውል ሳታድር ተመልሳ ትታይ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ሙሽራ ይህን ለአማቷ መናገር ታፍር ይሆናል። በቀበሌው የምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴት ናትና ለእርስዋ ትንገራት። ባልም ቢሆን ሚስቱ «አመመኝ» ስትል የሴት ነገር ነው ብሎ አይለፍ፤ መቼ እንደ ጀመራት፣ ወሯም መቼ እንደ ነበረ ይጠይቃት። ይህች አጭር ጥያቄ በጊዜ ብትጠየቅ ሚስትን ለባልዋ፣ እናትንም ለልጆችዋ ታተርፋለች።