ቦይንግ የሸጠውን መልሶ ገዛ፤ ወረፋው ግን የደንበኛው ነው

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2005 በካንሳስ ግዛት ዊቺታ የነበረውን ፋብሪካውን ኦኔክስ ለተባለ የካናዳ ኩባንያ ሲሸጥ ስሌቱ ቀላል ነበር። ወጪ የሚበዛበትንና ትርፉ የሚሳሳውን ሥራ ሌላው ይልፋበት፣ ቦይንግ ደግሞ ይገጣጥም፣ ይሽጥ። ከዚያ ሽያጭ የተወለደው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ የ737ን ቀፎ ማለትም መንገደኛው የሚቀመጥበትን ረጅሙን አካል እየሠራ ለሃያ ዓመት ያህል በባቡር ሬንተን ወዳለው የቦይንግ መገጣጠሚያ ሲልክ ኖረ። በዲሴምበር 2025 ቦይንግ ይህንኑ ኩባንያ መልሶ ጠቀለለው። ሲስማሙ የተተመነው ዋጋ ዕዳውን ጨምሮ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ቁም ነገሩ ያለው በሽያጩና በግዢው መካከል ባሉት ዓመታት ነው። ስፒሪት ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚያገኘው ከአንድ ገዢ ነበር። ያ ገዢ ደግሞ ከ2012 ወዲህ አቅራቢዎቹን ዋጋ ቀንሱ እያለ ሲጨምቅ የከረመ ነው። ላሚቱን ሳያበሉ ማለብ ለጥቂት ጊዜ ወተት ይሰጣል። 737 ማክስ የተባሉት አውሮፕላኖች በኢንዶኔዥያና በኛ አገር ተከስክሰው 346 ሰው ካለቀ በኋላ፣ ቦይንግ በጃንዋሪ 2020 ምርቱን ሲያቆም ስፒሪት 2,800 ሠራተኞችን አሰናበተ። ሥራው ሲመለስ የሠለጠነው እጅ ሁሉ አብሮ አልተመለሰም። በ2023 በቀፎው የኋላ ግድግዳ ላይ ያለ ቦታቸው የተበሱ ቀዳዳዎች ተገኙ።

ከዚያ ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 መጣ። ከፖርትላንድ በተነሳ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ ላይ፣ ትርፍ የበር ቦታን የሚደፍነው ፓነል አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። መርማሪዎች እንደደረሱበት ፓነሉን የሚይዙት አራት ብሎኖች አልነበሩም። ዊቺታ ላይ ሲሠሩ ጉድለት የነበረባቸውን ሪቬቶች ለመጠገን ፓነሉ ሬንተን ላይ ተከፍቷል፤ ሲመለስ ብሎኖቹ ቀርተዋል፣ መከፈቱንም የሚያሳይ መዝገብ የለም። እንግዲህ ጥፋቱ የአቅራቢው ነው ወይስ የአምራቹ? በእኔ እምነት ጥያቄው ራሱ ቦይንግን የሚያመቸው ጥያቄ ነው። አቅራቢውን በዋጋ ያደከመ፣ የአቅራቢውንም ስህተት በጥድፊያ የጠገነ እሱ ነው።

የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ የማክስን ምርት በወር 38 ላይ ገደበ። በዚያው ዓመት መጸው ወደ 33,000 የሚጠጉ የቦይንግ ሠራተኞች ከ50 ቀን በላይ ሥራ አቆሙ። ቦይንግ በ2018 ያስረከበው 806 አውሮፕላን ነበር፤ በ2024 ያስረከበው 348 ብቻ። እዚህ ላይ የአቅራቢው ችግርና የደንበኛው ችግር አንድ ይሆናሉ፤ ገዢው ከዋጋው አብዛኛውን የሚከፍለው በርክክብ ዕለት ነውና። አንድ ወንበር ወይም አንድ ሞተር ሲጎድል አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ገንዘቡም ይቆማል። ቦይንግ በ2024 ወደ 11.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ።

ተንታኞች ደንበኛ ተቆጥቶ ይሄዳል ብለው ይሰጋሉ። ወዴት ይሄዳል? የተፎካካሪው የኤርባስም ወረፋ ዓመታት የሚፈጅ ነው። ኤምሬትስ በ2020 ይደርሳል የተባለውን 777ኤክስ አሁን ለ2027 ተቀጥሮ እየጠበቀ፣ በኖቬምበር 2025 በዱባይ 65 ጨምሮ አዘዘ። ለቦይንግ ይበልጥ የሚያሰጋው ደንበኛ በንግድ ስሌት ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ የሚገዛና የሚተወው ነው። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካና የቻይና የታሪፍ ጦርነት ሲጦፍ፣ የሺያመን አየር መንገድን ቀለም የተቀባ ማክስ ከቻይና ተነስቶ ወደ ሲያትል ተመልሷል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚህ ወረፋ ውስጥ ነው። በኖቬምበር 2023 ዱባይ ላይ 11 ድሪምላይነርና 20 ማክስ፣ በማርች 2024 ደግሞ ስምንት 777ኤክስ ለመግዛት ተስማምቷል። ምርጫው ይገባኛል፤ አብራሪው፣ ቴክኒሻኑ፣ የመለዋወጫ መጋዘኑ አብዛኛው ከቦይንግ ጋር የኖረ ነው። ጎን ለጎን የኤርባስን ኤ350 መግዛቱም ብልህነት ነው። ነገር ግን ርክክብ በዘገየ ቁጥር ወይ አሮጌውን እየጠገኑ ማብረር፣ ወይ በውድ መከራየት ግድ ይላል። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው ግዙፍ ኤርፖርትም ያለ አውሮፕላን መንገደኛ አያመጣም።

አየር መንገዱ የሕዝብ ሀብት ነው። የዋጋ ምስጢር ይጠበቅ፣ አልከራከርም። ቦርዱ ግን ቢያንስ ሁለት ነገር ለባለቤቱ ይንገር፦ ከታዘዙት ውስጥ ስንቱ እንደዘገየ፣ ለዘገየውም ቦይንግ ካሳ የሚከፍልበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን።