ነጭ ቀለምና የቆርቆሮ ጣራ

በአራት ኪሎ ዙሪያ ብዙ የቆርቆሮ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ቢፈርሱም፣ ተማሪና ጸሐፊ የሚከራዩአቸው ኮርኒስ የሌላቸው ክፍሎች ዛሬም አልጠፉም። በመጋቢት ቀትር በእነዚህ ውስጥ ተቀምጦ ያጠና ሰው ሙቀቱ ከየት እንደሚወርድ ያውቃል። እንግዲህ ሙቀት የሚመልስ ቀለም መጥቷል ሲባል፣ ዋጋውስ? ጉዳትስ የለውም ወይ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አዲስ ቆርቆሮ ብርሃንን ቢመልስም የዋጠውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ሲዝግማ ብርሃኑንም ይውጣል። ነጭ ቀለም ግን ብርሃኑን ይመልሳል፤ የዋጠውንም በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ይሰዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በአሜሪካ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በባሪየም ሰልፌት የሠሩት ቀለም ከፀሐይ ብርሃን 98.1 በመቶ መለሰ። ይህ ዱቄት የሆድ ራጅ የሚነሣ በሽተኛ የሚጠጣው ያው ነጭ ነገር ነውና ብዙ አያስፈራም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዱቄቱን ከጣራው ጋር የሚያጣብቀው አብዛኛውን ጊዜ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ ሲላላጥ የክረምት ዝናብ በአሸንዳ አድርጎ ወደ ግንፍሌ ይወስደዋል፤ ከዚያም ወደ ቀበና፣ ወደ አቃቂ። በአቃቂ ውኃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ከዚህ የባሰው አሮጌው ቀለም ነው። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በአገራችን በደንብ የተወሰነው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባውን በደረቁ የሚፍቅ ሰው፣ ሳያውቅ የእርሳስ አቧራ ለልጆቹ ያበላ ይሆናል። አርጥቦ መፋቅ፣ ልጆችን ማራቅ፣ የረገፈውንም ሰብስቦ መቋጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኖራስ? ርካሽ ነው፤ ለግድግዳም መልካም ነው። ነገር ግን እርጥብ ኖራ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ዚንክ ይበላል፤ ዝናብም ያጥበዋል።

ወጪውም በጣሳው ዋጋ አያበቃም። ዝገት ማስፋቂያ አለ፤ አንቲረስት አለ፤ የቀቢ ዋጋ አለ፤ ነጩ በአቧራና በጥላሸት ሲደበዝዝ ማጠብ፣ ከዓመታት በኋላም መድገም አለ። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ሁሉ ያዋጣው ይሆናል። አራት ኪሎ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የኅዳር ሌሊት ብርድም የሚገባው በዚያው ቆርቆሮ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀለሙ አንዳች አይረዳም። ኮርኒስ፣ የአቡጀዲም ቢሆን፣ በቀንም በሌሊትም ጥቂት ይከላከላል። በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው። ጣራው ለዝገት ሲባል መቀባቱ ካልቀረ ግን ከቀዩና ከአረንጓዴው ይልቅ ነጩ ይሁን፤ ጣሳውም ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑ ይነበብ። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ብሩሹን ከማንሣትዎ በፊት ወጪው ከኪራዩ እንዲታሰብልዎ ከአከራይዎ ጋር ይነጋገሩ።