ሞተር በብር፣ ፓምፕ በሽቦ!

ሞተር ማስቀየር የሀብታም ጨዋታ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው የሶዶ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ያለችውን አሮጌ ኮሮላ እየነዳ ጋራዥ ይገባል፤ የደከመውን የካርቡሬተር ሞተር አስወርዶ ከሌላ መኪና የተፈታ የኢንጀክሽን ሞተር ያስጭናል። በዚህ ጠብ የለንም። እንዲያውም መካኒኮቻችን እጃችሁ ይባረክ እንላለን።

ጠባችን ከፓምፑ ጋር ነው።

የካርቡሬተር ፓምፕ ቤንዚኑን የሚገፋው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ነው። ኢንጀክሽን ግን ወደ 3 ባር ይፈልጋል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግባቱ የግድ ነው። ጥያቄው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የሰነፍ መልስ ዝግጁ ነው፦ «ከሥር እናስረዋለን!» ፓምፑ ከሻንሲው ጋር በሽቦ ይታሰራል፤ ቱቦው ያው የድሮው ጎማ ይሆናል፤ መብራቱ በቀጥታ ከቁልፉ ይሳባል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና «ሠራ!» ይባላል። አዎ፣ ይሠራል። እስከ ሁምቦ!

የቤንዚን ፓምፕ ሲገፋ ጀግና፣ ሲስብ ደካማ ነው። በሚስብበት በኩል ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ የወረደበት ትኩስ ቤንዚን ደግሞ ይተናል። ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልም፤ ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ወደ ሁምቦና አባያ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይጠብቃችኋል። ከአርባ ምንጭ ስትመለሱ የጋለ ቤንዚን ይዛችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ላይ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ዳገት ላይ፣ ከኋላችሁ የጭነት መኪና እየመጣ፣ መኪናችሁ ዝም ይላል።

ታንከሩ ውስጥ የተቀመጠ ፓምፕ ግን ከሩቅ መሳብ የለበትም፤ ቤንዚኑ ከብቦት ያቀዘቅዘዋል፤ ድንጋይና ጭቃም አያገኘውም። «ቤንዚን ውስጥ ኤሌክትሪክ? ይፈነዳል!» የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለመንደድ እጅግ የበዛ፣ አየር ያነሰው ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ፓምፑን እዚያ ሲያስቀምጡ የኖሩት ለጌጥ አይደለም።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? አንደኛው ምርጫ የዚያው ሞዴል የኢንጀክሽን ታንከር ከነፓምፑ ነው። በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) መጨረሻ የወጣው ኮሮላ በፎር ኤ-ኤፍ ካርቡሬተርም በፎር ኤ-ኤፍኢ ኢንጀክሽንም ተሽጧል። ሞተሩን ስትገዙ ታንከሩንም ጠይቁ፤ መቀመጫው ከገጠመ ሥራው አለቀ። የኢንጀክሽን ታንከር ውስጡ ማገጃ አለው፤ በጥምዝና በዳገት ቤንዚኑ ከፓምፑ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ታንከሩ ካልተገኘ፣ አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ትንሽ መጠባበቂያ ታንከር ይሙላ፤ ዋናው ፓምፕ ከዚያ ይጠጣ። የድሮውን ታንከር ቆርጦ መበየድ የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን። «ባዶ ነው» የተባለ የቤንዚን ታንከር ትነትና አየር የተቀላቀለበት ቦምብ ነው፤ ብየዳ ሲነካው ሰው ይገድላል።

ደግሞ ያ የጉራ ነገር አለ። «በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ አስገባሁ!» ለምን? 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሚፈልገው በሰዓት ወደ 30 ሊትር ነው፤ መጠባበቂያ ጨምረን 40 እንበል። የተረፈው በቀጭኑ የመመለሻ ቧንቧ እየታፈነ ግፊቱን ያዛባል፣ ቤንዚኑን ያሞቃል፣ መብራቱን ይበላል። ለኮሮላ የአውሮፕላን ሆድ አትስጧት!

ከሁሉ የሚያስቆጣን ግን በቀጥታ ከቁልፉ የተሳበችው ሽቦ ናት። ፋብሪካው የሠራት መኪና ሞተሩ ሲጠፋ የፓምፑን መብራት የምትቆርጥ ሪሌ አላት። እኛ ጋ ሪሌዋ «ታስቸግራለች» ተብላ ትዘለላለች። ውጤቱን አስቡት። መኪናው ይጋጫል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቱቦው ይበጠሳል፤ ፓምፑ ግን በ3 ባር ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ስለዚያች ሽቦ የሚያውቀው የለም። የእናንተ ቁጠባ የእሱ ዕጣ ሆነ ማለት ነው።

ሰበቦቹን እናውቃቸዋለን። «ፓምፑ ሲቃጠል ታንከር ማውረድ ሊኖርብን ነው» ይባላል። ብዙዎቹ መኪኖች ከኋላ ወንበር ሥር መክፈቻ አላቸው፤ ባይኖራቸውም አንድ ቀን ታንከር ማውረድ ዳገት ላይ ከመቆም ይሻላል። «የጀሪካን ቤንዚን ቆሻሻ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ቆሻሻ ግን ከውጭ የታሰረውንም ፓምፕ ይገድላል። መድኃኒቱ የመምጠጫውን ወንፊትና ፊልትሮውን በጊዜው መቀየር፣ ታንከሩንም ከሩብ በታች አለማውረድ ነው። «ብር የለም» የሚለው ሰበብ ግን አይዋጥልንም። የወላይታ ሰው ለጊፋታ በሬ ዓመት ሙሉ መቆጠብ ያውቅበታል። ሞተሩን በዚያ ልክ ቆጥቦ የገዛ ሰው ፓምፑ ላይ ሲቆነጥር፣ በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሱ ነው።

ስለዚህ ለመካኒኩ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፓምፑ የት ነው? ቱቦው 3 ባር የሚችል ነው? ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይጠፋል? ለሦስቱም ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ብሩን አትቁጠሩ። ቦሎ የምትሰጡ መርማሪዎችም እባካችሁ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። መስከረም ሲጠባ ለጊፋታ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ሶዶ የሚገባ መኪና ሁሉ ፓምፑ በሽቦ የታሰረ መሆን የለበትም።