ጥግ ላይ የተቀመጠው ተጫዋች

ዛሬ ወደ አውስትራሊያ ልወስዳችሁ ነው። እግር ኳስ ስላችሁ እኛ የምናውቀው እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያውያን የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው፤ ኳሱ ሞላላ፣ ሜዳውም ሞላላ፣ ተጫዋቹ በየወገኑ 18 ነው። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ለጓደኛ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ወይ ይለጋል ወይ በቡጢ ይመታል። ለግዙፍ ሰው የተሠራ በሚመስለው በዚህ ጨዋታ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 እንኳ የማይሞላ ሰው ስሙን ተክሏል።

ዳግላስ ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1906 ኩመራጉንጃ በተባለ የአቦርጂኖች መንደር ተወለደ። አቦርጂኖች የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ስምንት ዓመት ሲሆነው ታላቅ እህቱን ሂልዳን ከቤተሰቧ ነጥቀው ለቤት ሠራተኝነት ወደሚያሠለጥን ተቋም ወሰዷት። ወላጆች የሆናችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታስቡት አትለፉ።

በ1927 ሜልበርን ገብቶ በካርልተን ክለብ ዕድሉን ሞከረ። ሰዎቹ ግን “ይሸታል” አሉ። እግሩን የሚያሹት ባለሙያዎችም አንነካውም አሉ። ዳግም ወጥቶ ሄደ። በሌላ ማኅበር ውስጥ ይጫወት የነበረው ኖርዝኮት ተቀበለው፤ በ1929 ከክለቡ ጋር ዋንጫ በላ። ፍጥነቱማ ልዩ ነበር፤ ሽልማት ባለባቸው የሩጫ ውድድሮችም አሸንፏል።

በ1932 ወደ ፊትዝሮይ ተዛወረ። እንግዲህ የካርልተኑ ነገር ከልቡ አልወጣም። መልበሻ ክፍል ገብቶ ብቻውን ጥግ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሃይደን በንተን የተባለው፣ ባለፈው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ኮከብ፣ ዕቃውን ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። በቃ፣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዳግ ለፊትዝሮይ 54 ጊዜ ተሰለፈ፤ በ1935 ለቪክቶሪያ ክፍለ አገር ቡድን ተመረጠ። የጉልበት ጉዳት ግን አላስቀጠለውም።

እናቱ ካረፉ በኋላ ጌታን አገኘ፣ ተጠመቀም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆኖ ሳለ የፊትዝሮይ ፖሊስ ከሠራዊቱ እንዲለቀቅ ጠየቀ፤ በመጠጥና በቁማር የተቸገሩትን ወገኖቹን የሚረዳ ሰው ጠፍቶ ነበርና። (ፖሊስ አገልጋይ ሲለምን መቼ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?) በዚያው ሰፈር መጋቢ ሆነ።

ከዚህ በኋላ አንቱ ብላቸው ይሻላል። ፓስተር ዳግ በ1972 “ሰር” የሚለውን ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከአቦርጂኖች የመጀመሪያው ናቸው። በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ሆኑ፤ ሕመም ስለያዛቸው ግን በወራት ውስጥ ለቀቁ። በ1988 አርፈው ኩመራጉንጃ ተቀበሩ።

ከ2016 ጀምሮ የሊጉ የውድድር ዙር በስማቸው ይጠራል። ካርልተንም በዚያ ዙር ይጫወታል።