‹‹አንበሳሜ›› ብለን ስንፈልግ ለምን አንድ ድረ ገጽ ብቻ ይመልስልናል?

አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ለማቋቋም አስቧል እንበል፡፡ ቦታው ድረስ ከመሄዱ በፊት የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፡፡ ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ ‹‹ወረታ››፣ ‹‹ፎገራ››፣ ‹‹አንበሳሜ›› እያለ ይጽፋል፡፡ በተለይ በላቲን ፊደል ከጻፈ ቶሎ ብቅ የሚልለት የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ነው፡፡ ከእሱ ሥር የተደረደሩትን ሌሎች ገጾች ሲከፍትም ብዙ ጊዜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ያገኘዋል፡፡ የወረዳው ሕዝብ ስንት እንደሆነ ሲመለከት ደግሞ አኃዙ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ነው፡፡

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ ስለ አንድ አካባቢ ብቸኛ ተናጋሪ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? ብዙዎች እንደሚያስቡት ስለከፈለ ወይም ከሌላው የተሻለ ስለጻፈ አይደለም፡፡ ዋናው ምክንያት ሌላ የጻፈ ሰው አለመኖሩ ነው፡፡

አሠራሩን ለመረዳት የአካባቢውን መንገድ ማሰብ ይበቃል፡፡ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ያልፋል፡፡ ወረታ ላይ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል፡፡ አንበሳሜ በበኩሏ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና ሳለ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መስመር ላይ ትገኛለች፡፡ መንገደኛ ወረታ ላይ ወርዶ ምሳ የሚበላው የወረታ ምግብ ከአንበሳሜ ስለሚበልጥ አይደለም፤ መንገዱ እዚያ ስለሚያደርሰው ነው፡፡

የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ለዓለም ያስተዋወቁት ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም፡፡ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሸጋግር ማያያዣ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፡፡ ብዙ መንገድ የሚገባበት ገጽ ከፍ ያለ ደረጃ ያገኛል፤ ከፍ ያለው ገጽ የሚሰጠው ድምፅም ከተራው ገጽ ድምፅ ይበልጥ ይመዝናል፡፡ ዛሬ የፍለጋ ሞተሮች ከዚህ ሌላ በርካታ መመዘኛዎችን ቢጠቀሙም መሠረቱ አልጠፋም፡፡ ዊኪፒዲያ ከዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው መንገድ የሚገባበት ትልቅ ጣቢያ በመሆኑ ስለ ደራ ወረዳ የተጻፈች አጭር ገጽ እንኳ የጣቢያውን ክብደት ትጋራለች፡፡

‹‹ሩዝ›› ወይም ‹‹እግር ኳስ›› በሚል ቃል ለመቅደም እልፍ ተወዳዳሪ አለ፡፡ ‹‹አንበሳሜ›› በሚል ቃል ግን ሜዳው ባዶ ነው፡፡ ርዕሱ ላይ ቃሉን የጻፈና መጠነኛ ክብደት ያለው አንድ ገጽ ካለ ያለ ብዙ ድካም ይቀድማል፡፡ አንዴ ከቀደመ ደግሞ ፈላጊው የላይኛውን ስለሚከፍት፣ መከፈቱም ለፍለጋ ሞተሩ የተፈላጊነት ማስረጃ ስለሚሆን ቦታውን እያጸና ይሄዳል፡፡ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጉግል በፍለጋ ገበያው ሕግ በመጣስ የበላይነቱን እንዳስጠበቀ ሲወስን፣ ከተጠቃሚዎች የሚሰበሰበው የአጠቃቀም መረጃ ለኩባንያው ምን ያህል ጉልበት እንደሆነም አትቷል፡፡

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ የዊኪፒዲያ ጽሑፍ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም ሊቀዳው ስለተፈቀደ በርካታ ድረ ገጾች እየቀዱ ይለጥፉታል፡፡ አንባቢው አምስት ምስክር የሰማ ይመስለዋል፤ የሰማው ግን አንዱን ምስክር አምስት ጊዜ ነው፡፡ ምስክሩ ከተሳሳተ ወይም መረጃው ካረጀ የሚያርመው የለም፡፡ አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ሳይካሄድ በመቅረቱ፣ ፎገራና ደራ ዛሬም በዚያ ገጽ ላይ የሚኖሩት በ1999 ዓ.ም. ነው፡፡

በእኛ በኩል ሜዳው ባዶ የሆነው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የፊደላችን ታሪክ ነው፡፡ የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ ይወጣ የነበረው በየድርጅቱ የግል ፊደል ወይም በምስል መልክ ስለነበር፣ ሰው ያነበዋል እንጂ የፍለጋ ሞተር አያነበውም፡፡ ሁለተኛው የአጻጻፍ መለያየት ነው፡፡ አንዱ ‹‹አንበሳሜ›› ሌላው ‹‹አምበሳሜ›› ይላል፤ ‹‹ሐሙሲት›› በሐመሩም በሃሌታውም ይጻፋል፡፡ ‹‹የአንበሳሜ››፣ ‹‹ከአንበሳሜ››፣ ‹‹ለአንበሳሜ›› ስንል ደግሞ ለማሽኑ ሌላ ሌላ ቃል ሊመስለው ይችላል፡፡ በዚህ ሁሉ ምክንያት ያለችው ጥቂት ጽሑፍም ትበታተናለች፡፡

ሦስተኛው የራሳችን ልማድ ነው፡፡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት መረጃቸውን በአብዛኛው የሚለቁት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው፡፡ እዚያ የተጻፈ ነገር ለሳምንት ይነበብና ከሥር ይቀበራል፤ ከዓመት በኋላ በፍለጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፡፡ በዚህ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፡፡ በእነዚያ ወራት የአካባቢው ሰው ስለ ራሱ ሊጽፍ ቀርቶ ሌላው ስለ እሱ የጻፈውን እንኳ ማንበብ አልቻለም፡፡

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚታየው በሩዙ ነው፡፡ በፎገራ ሜዳ ለረጅም ዘመን በስፋት ሲዘራ የኖረው ዝርያ ‹‹ኤክስ ጅግና›› ይባላል፡፡ ስሙን ያገኘው በደራ ወረዳ ካለችው ጅግና ነው፡፡ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ከተሞከረባቸው የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት አንዷ እሷ ነበረች፤ ሌላዋ በፎገራ ወረዳ ያለችው ሻጋ ናት፡፡ ይህን ስም የፈለገ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተጻፉ የምርምር ጽሑፎችን ነው፡፡ ዘሩን በጭቃ ቆሞ የሚዘራው፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ የሚጋግረው፣ ወረታ ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው ገበሬ ስለ ራሱ እህል በራሱ ቋንቋ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ እጅግ ጥቂት ነው፡፡

ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገው ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፡፡ ዛሬ የፍለጋ ሞተሮች ገጽ መጠቆማቸውን ትተው ራሳቸው ወደ መመለስ እየሄዱ ናቸው፡፡ መልሱን የሚያቀናብሩት ግን ተጽፎ ካገኙት ነው፡፡ ያገኙት አንድ ምስክር ከሆነ የእሱን ቃል፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ እንደተረጋገጠ እውነት ይነግሩናል፡፡

መፍትሔው ዊኪፒዲያን መውቀስ አይደለም፤ ማንም ባልጻፈበት ጊዜ የጻፈው እሱ ነውና ይመሰገናል፡፡ ሜዳው ባዶ መሆኑ መልካም ጎንም አለው፤ የቀደመውን ለመድረስ ብዙ ሀብት አይጠይቅም፡፡ ወረታ ላይ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሥልጠና ጽሑፎቹን በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል፣ በማይለዋወጥ አድራሻ ቢያስቀምጥ፣ የደራና የፎገራ ወረዳዎች የገበያ ቀናቸውን፣ ምርታቸውንና መንገዳቸውን ቢጽፉ፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ወደ እነዚህ ገጾች ማያያዣ ቢያበጁ የፍለጋው ውጤት ሊለወጥ ይችላል፡፡ ዊኪፒዲያም ቢሆን በሩ ክፍት ነው፤ አስተማማኝ ምንጭ ያለው ሁሉ ገብቶ ማረም ይችላል፡፡

‹‹ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው›› ይላል የአገራችን ሰው፡፡ ባለቤቱ ዝም ካለ ግን ሌላው ሲናገርለት ቡዳ ነው ብሎ መቆጣት አያዋጣም፡፡